ማይክሮኮንትሮለር ፕሮግራም ሲደረግ የማይደገም መለያ ቁጥር በራሱ እንዲገባ ማድረግ

ቆጣሪ ሠሪ

ጤና ይስጥልኝ። የኤሌክትሪክ ፍጆታ የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ በተከታታይ እያመረትን ነው። መሣሪያው የሚሠራው አትሜጋ328ፒ በተባለ ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) ሲሆን ፈርምዌሩን፣ ማለትም በቺፑ ውስጥ የሚቀመጠውን ፕሮግራም፣ የምንጭነው በአይኤስፒ ፕሮግራመር (ቺፑ ቦርዱ ላይ እንዳለ የሚጽፍበት መሣሪያ) እና አቪአርዱድ በተባለ የመጫኛ ሶፍትዌር ነው። ብዙ መሣሪያዎች በአንድ የአርኤስ-485 መስመር (ብዙ መሣሪያዎች የሚጋሩት የመረጃ ሽቦ) ላይ ተያይዘው ንባባቸውን ወደ አንድ ማዕከል ስለሚልኩ፣ እያንዳንዳቸው ከሌላው የሚለዩበት ባለ 4 ባይት መለያ ቁጥር በውስጣቸው ሊኖር ይገባል።

እስካሁን የምንከተለው አሠራር ቁጥሩ በምንጭ ኮዱ ውስጥ እንደ ቋሚ እሴት ተጽፎ፣ ቦርዱን የሚጭነው ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ቦርድ በአንድ እየጨመረ፣ እንደገና ኮምፓይል እያደረገ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ እየለወጠ) የሚጭንበት ነው። የቦርዱ ቁጥር ጥቂት ሳለ ይህ አላስቸገረንም። አሁን ግን ሥራው በዝቷል፤ ጭነቱ መሃል ላይ በተቋረጠ ቁጥር ሠራተኛው «ይህ ቁጥር ተይዟል ወይስ አልተያዘም?» የሚለውን በራሱ ግምት መወሰን ግድ ይሆንበታል። ውጤቱም ሁለት መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው በአንድ መስመር ላይ መገናኘታቸው ሆነ። ማዕከሉ ሲጠይቅ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለሚመልሱ መልሱ የተበላሸ ሆኖ ይደርሳል፤ መንስኤውን ለማግኘትም መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ከመስመሩ መንቀል አስፈልጎናል።

ማወቅ የምፈልገው የሚከተለውን ነው። ቁጥሩን በፍላሽ (የቺፑ ፕሮግራም በሚቀመጥበት ማህደረ ትውስታ) ውስጥ ነው ወይስ በኢኢፕሮም (ኃይል ሲጠፋም መረጃ በሚይዝ ሌላ አነስተኛ ማህደረ ትውስታ) ውስጥ ማስቀመጥ የሚሻለው? ኮዱን ሳይነኩ ቁጥሩን በራሱ እየጨመረ የሚያስገባ አሠራር እንዴት ይዘጋጃል? ለጥገና የተመለሰ መሣሪያ ዳግም ሲጫንበት የቀድሞ ቁጥሩን ይዞ እንዲቀጥል ምን ይደረግ? በተጨማሪም የሚቀጥለውን ሞዴል ኤስቲኤም32 ወደተባለው የማይክሮኮንትሮለር ቤተሰብ ለማሸጋገር አስበናል፤ እነዚህ ቺፖች ከፋብሪካ የራሳቸውን ልዩ ቁጥር ይዘው ስለሚመጡ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀርልናል ማለት ነው?

የሊንከር ወዳጅ

ከሁሉ አስቀድሞ ቁጥሩን ከምንጭ ኮዱ ውስጥ ያውጡት። ለእያንዳንዱ ቦርድ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ጊዜ ከማባከኑም በላይ፣ የተሞከረው ፈርምዌርና የተጫነው ፈርምዌር አንድ መሆናቸውን ማረጋገጥ የማይቻልበት ሁኔታ ይፈጥራል። ፈርምዌሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራ፤ ከኮምፓይሉ የሚወጣውና ወደ ቺፑ የሚጫነው የሄክስ ፋይልም ለሁሉም ቦርድ አንድ ይሁን። ቁጥሩ በመጫኛው ጣቢያ ላይ፣ ከጭነቱ በፊት ባለችው ቅጽበት፣ በስክሪፕት ይጨመርበት።

አጨማመሩ ቀላል ነው። የእርስዎ ቺፕ 32 ኪሎባይት ፍላሽ አለው። ቡትሎደር (ቺፑ ሲነሣ ቀድሞ የሚሠራና ፈርምዌር የሚቀበል ትንሽ ፕሮግራም) የማይጠቀሙ ከሆነ፣ ፕሮግራምዎ የማይደርስበትን አንድ አድራሻ፣ ለምሳሌ በአስራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 7000ን፣ ለቁጥሩ ይመድቡ። የኢንቴል ሄክስ ፋይል እንደሚታወቀው ተራ ጽሑፍ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር በሁለት ነጥብ ይጀምርና የባይቶቹን ብዛት፣ አድራሻውን፣ የመስመሩን ዓይነት፣ ይዘቱን፣ በመጨረሻም ቼክሰሙን ይይዛል። መለያ ቁጥሩ 3 ለሆነ መሣሪያ ስክሪፕቱ የሚጽፈው መስመር ይህ ነው፦

:047000000300000089

04 አራት ባይት መኖሩን፣ 7000 አድራሻውን፣ 00 ይህ የመረጃ መስመር መሆኑን ይናገራሉ። 03000000 ቁጥሩ ራሱ ሲሆን ትንሹ ባይት ቀድሞ ተጽፏል። የመጨረሻው 89 ከእርሱ በፊት ካሉት ባይቶች ድምር ጋር ሲደመር የታችኛውን ባይት ዜሮ የሚያደርገው ቼክሰም ነው። የሚቀጥለው መሣሪያ መስመር እንግዲህ :047000000400000088 ይሆናል፤ ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር ቼክሰሙ በአንድ ይቀንሳል። ስክሪፕቱ ይህን መስመር ከፋይሉ ማብቂያ መስመር በፊት ያስገባና ውጤቱን ለአቪአርዱድ ይሰጣል። በእጅ መጻፍ ካልፈለጉ ኤስሬክ-ካት የተባለው ነፃ መሣሪያ ይህንኑ ይሠራል፤ የመረጡትን የአድራሻ ክልል ከዋናው ፋይል ቆርጦ በምትኩ የሰጡትን ቁጥር ያስገባል።

ፍላሽ ወይስ ኢኢፕሮም ለሚለው፣ ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ የሚለያቸው ሲጠፉ የሚሆነው ነገር ነው። ቺፑ በሙሉ ሲጠረግ ፍላሹ ያለ ጥርጥር ይጠፋል። ኢኢፕሮሙ ግን ኢኢሴቭ የተባለው ፊውዝ (የቺፑን አሠራር የሚወስን የቅንብር ቢት) ከነቃ ከጠረጋው ይተርፋል፤ ስለዚህ ለጥገና የተመለሰ መሣሪያ አዲስ ፈርምዌር ሲጫንበት ቁጥሩ እንዳለ ይቆያል። ፊውዙ የሚነቃው ቢቱ ዜሮ ሲሆን መሆኑን ልብ ይበሉ። በሌላ በኩል ኢኢፕሮም ፕሮግራሙ ራሱ ሊጽፍበት የሚችል ቦታ ስለሆነ፣ ቮልቴጁ በወረደበት ቅጽበት የሚፈጸም የተሳሳተ ጽሕፈት ሊያበላሸው ይችላል። ኢኢፕሮምን ከመረጡ ብራውን-አውት መከላከያውን (ቮልቴጅ ሲወርድ ቺፑን የሚያቆመውን) ያብሩ፣ ቁጥሩንም ከሲአርሲው (መረጃው አለመበላሸቱን ከሚያረጋግጠው የመፈተሻ ቁጥር) ጋር በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። እኔ ብሆን በእርስዎ ሁኔታ ኢኢፕሮምን ከኢኢሴቭ ጋር እመርጥ ነበር፤ ጥገና ላይ የሚሠራው ሰው ስለ ቁጥሩ ጨርሶ ማሰብ አይኖርበትምና።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ፤ የተደገመ ቁጥር ያመጣባችሁ ቁጥሩ የተቀመጠበት ቦታ አይደለም፣ ቁጥሩ «ወጪ ሆነ» የሚባልበት ጊዜ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጽፈው ስክሪፕት ቆጣሪውን ያነባል፣ ይጭናል፣ ጭነቱ ከተሳካ ቆጣሪውን በአንድ ይጨምራል። ይህ ቅደም ተከተል ሲታይ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ጭነቱ ተሳክቶ፣ ቆጣሪው ሳይጨመር ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ወይም ሠራተኛው መስኮቱን ቢዘጋው፣ የሚቀጥለው ቦርድ ያንኑ ቁጥር ይወስዳል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ ቆጣሪው በቅድሚያ ይጨመር፣ ጭማሪው ዲስክ ላይ መድረሱ ይረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ጭነቱ ይጀመር። ጭነቱ ካልተሳካ ቁጥሩ ይቃጠላል፤ ከወረፋ ማሽን የተቆረጠች ቁጥር ወደ ማሽኑ እንደማትመለስ ሁሉ፣ ይህም አይመለስም። በ4 ባይት ከ4 ቢሊዮን በላይ ቁጥር ስላለ በመካከል የሚዘለሉ ቁጥሮች ምንም አይጎዱም። የተደገመ ቁጥር የሚያስከትለውን ግን እርስዎ አይተውታል።

ቆጣሪውን በተራ የጽሑፍ ፋይል ከመያዝ ይልቅ በኤስኪውላይት ዳታቤዝ ይያዙት። ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ረድፍ ይኑር፤ የተሰጠበት ጊዜ፣ የፈርምዌሩ ስሪትና ያለበት ደረጃ፣ ማለትም ተሰጥቷል፣ ተጭኗል፣ ተረጋግጧል ወይም ተሰርዟል የሚለው ይመዝገብበት። አቪአርዱድ ካልተሳካለት ከዜሮ የተለየ የመውጫ ኮድ ይመልሳል፤ ስክሪፕቱ ውሳኔውን በዚያ ላይ ይመሥርት እንጂ ሠራተኛው ስክሪኑን አንብቦ እንዲፈርድ አይተውት።

ሲሊከን

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ። ስለ ፋብሪካ ቁጥሮች የተጠየቀው ስላልተነካ በዚያ ላይ ልጨምር።

አሁን የሚጠቀሙበት አትሜጋ328ፒ በአምራቹ ሰነድ የተረጋገጠ ልዩ ቁጥር የለውም። የቅርብ ዘመዱ 328ፒቢ ግን 10 ባይት ርዝመት ያለው ቁጥር ይዞ ይመጣል። ከሌሎቹ የማይክሮኮንትሮለር ዓይነቶች ኤስቲኤም32 96 ቢት፣ ኤንአርኤፍ52 64 ቢት፣ ሳምዲ21 128 ቢት ያለው ቁጥር አላቸው፤ የሳምዲ21 ቁጥር የተከፈለባቸው አራት ባለ 32 ቢት ቃላት በአድራሻ ተከታትለው ስላልተቀመጡ አሥራ ስድስት ባይት በአንድ ትንፋሽ የሚያነብ ኮድ የተሳሳተ ነገር ያነባል። ኢኤስፒ32 ለአውታር የተመደበለትን ባለ 48 ቢት የማክ አድራሻ በኢፊውዝ (አንዴ ከተጻፈ በማይመለስ የቺፑ ክፍል) ውስጥ ይዟል። አርፒ2040 የራሱ ቁጥር ስለሌለው ከጎኑ የተበየደው የፍላሽ ቺፕ ያለው ባለ 64 ቢት ቁጥር በምትኩ ይነበባል፤ ይህ ማለት በጥገና ወቅት የፍላሽ ቺፑ ቢቀየር መሣሪያው ሌላ ሰው ሆኖ ይነሣል ማለት ነው።

ወደ ኤስቲኤም32 ሲሸጋገሩ ጣጣው ሙሉ በሙሉ ይቀርልናል ወይ ለሚለው መልሴ «በከፊል» ነው። 96ቱ ቢት ልዩ የሚሆነው በሙሉነቱ ሲወሰድ ብቻ ነው። በብዙዎቹ የኤስቲኤም32 ቤተሰቦች ቁጥሩ የተዋቀረው ቺፑ በዌፈሩ (ብዙ ቺፖች ተሠርተው በሚቆረጡበት የሲሊከን ሰሌዳ) ላይ ከነበረበት የአግድምና የቁም ሥፍራ፣ ከዌፈሩ ቁጥርና ከምርት ሎቱ (አብረው ከተመረቱት ዌፈሮች ስብስብ) መለያ ነው። ስለዚህ «ፕሮቶኮሌ የሚቀበለው 4 ባይት ብቻ ነው» ብሎ የመጀመሪያውን 32 ቢት ቆርጦ መውሰድ፣ ከተለያዩ ዌፈሮች ግን ከአንድ ዓይነት ሥፍራ የተገኙ ቺፖችን አንድ ቁጥር ሊያሸክማቸው ይችላል። ይህን ስህተት ልምድ ባላቸው ሰዎች ኮድ ውስጥ ሳይቀር ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ከመቁረጥ ይልቅ 96ቱን ቢት በሲአርሲ-32 ወይም በሌላ ሃሽ (ረጅም መረጃን ወደ አጭር ቁጥር በሚለውጥ ስሌት) ወደ 32 ቢት መጨመቅስ? ይሻላል፤ ዋስትና ግን አይሆንም። ሃሹ ቁጥሮቹን እኩል ቢበትን እንኳ፣ 10,000 መሣሪያ ሲደርሱ ቢያንስ ሁለቱ የመጋጨታቸው ዕድል ከመቶ አንድ በላይ ነው፤ 77,000 ገደማ ሲደርሱ ደግሞ ግማሽ በግማሽ ይሆናል። በ64 ቢት ከተጨመቀ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ምርት ግጭቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ነው የምመክረው። የፋብሪካው ቁጥር የቺፑ ማንነት ሆኖ በዳታቤዙ ውስጥ ቁልፍ ይሁን፤ የእርስዎ ባለ 4 ባይት ቁጥር ደግሞ ለእርሱ የተሰጠ መለያ ይሁን። የመጫኛው ስክሪፕት ከሁሉ በፊት የቺፑን 96 ቢት ያንብብና ዳታቤዙን ይጠይቅ፦ ይህን ቺፕ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ? አዎ ከሆነ የቀድሞውን ቁጥር መልሶ ይጻፍለት፤ አይ ከሆነ አዲስ ይስጠው። እንዲህ ሲሆን አንድ ቦርድ ዐሥር ጊዜ ቢጫንበትም ዐሥር ቁጥር አያባክንም፤ ከጥገና የተመለሰውም ቺፑ እስካልተቀየረ ድረስ ቁጥሩን ማንም ሳያስታውሰው ያገኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። መለያ ቁጥር ምስጢር አይደለም፤ በስቲከር ላይ ታትሞ ይወጣል፣ በመስመሩም ላይ በግልጽ ይተላለፋል። የይለፍ ቃል ወይም የምስጠራ ቁልፍ ከእርሱ ማውጣት በሩን ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ ከመስቀል አይለይም። ለዚያ የሚሆነው በዘፈቀደ የተፈጠረ ሌላ እሴት ነው፤ በዚያው የመጫኛ ስክሪፕት ሊገባ ይችላል።

ቆጣሪ ሠሪ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቁጥሩን ከጭነቱ በፊት ወጪ ማድረግ የሚለው ያላሰብኩት ነበር፤ ዛሬውኑ ስክሪፕቱን በዚያ መልክ ማስተካከል ጀምሬያለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ በቅርቡ ሁለተኛ የመጫኛ ጣቢያ ስለምንከፍት ሁለቱ ጣቢያዎች አንድን ቁጥር እንዳይሰጡ ምን ይደረግ? ሁለተኛ፣ ስቲከሩን አሁን የምናትመው በቅድሚያ፣ በጥቅል ነው፤ ሠራተኛው በተራ እየላጠ ይለጥፋል። ይህስ ችግር አለው?

ጣቢያ ሁለት

ከሁለተኛው ልጀምር፤ አዎ፣ ችግር አለው። አንድ ቦርድ በፈተና ሲወድቅና ከተራው ሲወጣ ከእርሱ በኋላ ያሉት ስቲከሮች ሁሉ በአንድ ይዛነፋሉ፤ የስቲከሩና የቺፑ ቁጥር መለያየቱም የሚታወቀው መሣሪያው ተተክሎ ካለቀ በኋላ ነው። ስቲከሩ መታተም ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። መሣሪያው ከተጫነበት በኋላ ኃይል ይሰጠው፤ የፈተና ፕሮግራሙ በአርኤስ-485 መስመሩ በኩል «ቁጥርህ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቀው፤ መሣሪያው ራሱ የመለሰው ቁጥር ከዳታቤዙ ጋር ከተመሳከረ በኋላ ወደ አታሚው ይሂድ። በዚህ መንገድ ስቲከሩ ላይ ያለው ቁጥር ቺፑ ውስጥ ካለው የሚለይበት ዕድል የሚኖረው ሠራተኛው ስቲከሩን በሌላ መሣሪያ ላይ ከለጠፈው ብቻ ነው፤ ለዚህም አንድ መሣሪያ፣ አንድ ስቲከር፣ ከዚያ ቀጣይ የሚለው ሥርዓት ይበቃል።

እግረ መንገዴን፣ ፈርምዌሩ የራሱን ቁጥር የሚጠራጠርበት ኮድ ይኑረው። ያልተጻፈበት ፍላሽም ሆነ ኢኢፕሮም ሁሉም ቢቱ አንድ ሆኖ ስለሚነበብ ባለ 4 ባይቱ ቁጥር 4294967295 ይሆናል። መሣሪያው ይህን ወይም ዜሮን ካነበበ በመስመሩ ላይ ዝም ይበል፤ የስህተት መብራት ያብራ። ያለ ቁጥር ከፋብሪካ የወጡ ሁለት መሣሪያዎች ሁለቱም «4294967295 ነኝ» ብለው ከሚጋጩ፣ ሁለቱም ሳይመልሱ መቅረታቸው ብልሽቱን ለማግኘት በጣም ይቀላል።

ስለ ሁለቱ ጣቢያዎች፣ የማይቋረጥ የውስጥ አውታር ካላችሁ ቁጥር ሰጪው አንድ ሰርቨር ይሁን፤ ጣቢያዎቹ ይጠይቁት እንጂ የራሳቸውን ቆጣሪ አይያዙ። ቆጣሪውን በጋራ ፎልደር ውስጥ ባለ ፋይል ማድረግ ግን አይበጅም። የኤስኪውላይት ፋይልም ቢሆን በአውታር ፎልደር ላይ ሲቀመጥ የመቆለፊያው አሠራር ሁልጊዜ አስተማማኝ ስላልሆነ ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ቅጽበት ሊያነቡት ይችላሉ። አውታሩ የሚቋረጥ ከሆነ ክልል ማከፋፈል የተሻለ ነው፤ ለመጀመሪያው ጣቢያ ከ1 እስከ 99,999፣ ለሁለተኛው ከ100,000 እስከ 199,999 ይመደብና እያንዳንዱ በራሱ ክልል ይቁጠር፤ መዝገቦቹ በኋላ ይዋሃዳሉ። ጉድለቱ ቀደም ሲል የተነገረው የቺፑን ማንነት አስቀድሞ የመፈተሽ ዘዴ መዝገቦቹ እስኪዋሃዱ ድረስ ግማሽ ዕውር መሆኑ ነው፤ በአንዱ ጣቢያ የተጫነ ቦርድ በሌላው ዳግም ቢጫንበት ሁለተኛ ቁጥር ያገኛል።

ይህንኑ ጉዳይ በተዘጋጁ ፕሮግራሞች ላይም ያስቡበት። ጄ-ፍላሽ መለያ ቁጥርን ከአድራሻው፣ ከርዝመቱና ከጭማሪው ጋር ተቀብሎ በራሱ እየቆጠረ ይጽፋል። የማይክሮቺፕ ኤምፕላብ አይፒኢም ኤስኪውቲፒ በሚባለው አሠራሩ ተከታታይ ወይም በዘፈቀደ የተፈጠሩ ቁጥሮችን ያስገባል። አንድ ጣቢያ ብቻ ላለው ሰው እነዚህ ይበቃሉ፤ ስክሪፕት መጻፍም አያስፈልገውም። ሆኖም ቆጣሪው የሚቀመጠው በዚያው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ሲቀየር ወይም ከድሮ መጠባበቂያ ቅጂ ሲመለስ ቆጣሪውም አብሮ ወደ ኋላ ይመለሳል። የተደገሙ ቁጥሮች በገፍ የሚወለዱት በእንዲህ ያለ ቀን ነው።

ሲሊከን

ስለ ተከታታይ ቁጥር አንድ የታሪክ ማስታወሻ ጣል ላድርግ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የተባባሪዎቹ ኃይሎች የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የተማረኩ የጀርመን ታንኮችን መለያ ቁጥሮች ሰብስበው የወር ምርቱን 246 ብለው ገመቱ፤ የስለላው ግምት ግን 1,400 ገደማ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የተገኘው የጀርመኖቹ መዝገብ 245 የሚል ሆነ። ከ1 ጀምሮ በአንድ እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር በስቲከር ላይ ካተማችሁ፣ ተፎካካሪያችሁ ጥቂት መሣሪያዎች ገዝቶ ምን ያህል እንዳመረታችሁ ማስላት ይችላል። ይህ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ቆጣሪው በውስጥ እንዳለ ይቀጥልና የሚታተመው ቁጥር በተገላቢጦሽ ሊሰላ በሚችል ቅልቅል ይለወጥ፤ አንድ ለአንድ የሆነ ቅልቅል የማይደገመውን ነገር እንደማይደገም ያቆየዋል። ካላሳሰባችሁ ተዉት፤ ለጥገና ሠራተኛ ተከታታይ ቁጥር ይቀላል።

ቆጣሪ ሠሪ

ለእኛ አያሳስብም፤ በተከታታዩ እንቀጥላለን። የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅ፤ በኤስቲኤም32ጂ0 ላይ በሙከራ ቁጥሩን በፍላሹ መጨረሻ ላይ አስገብቼ በፕሮግራመሩ መልሼ ሳነበው በትክክል ይታያል፤ ፈርምዌሩ ግን አሁንም 4294967295 ነው የሚለኝ። በተጨማሪ ቁጥሩን በኋላ በሌላ እሴት ልተካው ስሞክር ጽሕፈቱ በስህተት ይቆማል።

የሊንከር ወዳጅ

ሁለቱ የተለያዩ ምክንያቶች ናቸው። የመጀመሪያው ከኮምፓይለሩ የመጣ ነው። ቁጥሩን በኮዱ ውስጥ ሁሉም ቢቱ አንድ የሆነ መነሻ እሴት ሰጥተው በኮንስት (እሴቱ አይለወጥም በሚለው የሲ ቋንቋ ቃል) ብቻ አውጀውት ከሆነ፣ ኮምፓይለሩ እሴቱ እንደማይለወጥ ስለሚያምን ከአድራሻው ማንበቡን ትቶ መነሻ እሴቱን በቀጥታ በትእዛዞቹ ውስጥ ይተክለዋል። ቮላታይል የሚለውን ይጨምሩበት፤ ያን ጊዜ በእያንዳንዱ ጥሪ ከፍላሹ ለማንበብ ይገደዳል። በሊንከር ስክሪፕቱም (የፕሮግራሙ ክፍሎች በየትኛው አድራሻ እንደሚቀመጡ በሚወስነው ፋይል) ውስጥ ለቁጥሩ የራሱን ክፍል በቋሚ አድራሻ ይስጡትና ኪፕ በሚለው ትእዛዝ ያስጠብቁት፤ አለበለዚያ ሊንከሩ ጥቅም ላይ አልዋለም ብሎ ሊጥለው ይችላል።

ሁለተኛው ከፍላሹ አሠራር የመጣ ነው። የጂ0 ፍላሽ የሚጻፈው በ8 ባይት ቁራጭ ሲሆን ለእያንዳንዱ ቁራጭ የስህተት ማረሚያ ኮድ አብሮ ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተጻፈበት ቁራጭ ገጹ ሳይጠረግ በሌላ እሴት ሊተካ አይችልም፤ የሚፈቀደው ሁሉንም ዜሮ ማድረግ ብቻ ነው። ለቁጥሩ 4 ሳይሆን 8 ባይት በ8 በሚካፈል አድራሻ ላይ ይመድቡ፤ በቀሪው 4 ባይት የቁጥሩን ሲአርሲ ቢያኖሩበት ቦታው አይባክንም። ገጹም ለቁጥሩ ብቻ ይተው እንጂ ከፕሮግራሙ ጋር አይጋራ፤ በጂ0 አንድ ገጽ 2 ኪሎባይት ስለሆነ በዚያ ገጽ ላይ ሌላ ነገር ካለ የፈርምዌር ማሻሻያው ገጹን ሲጠርግ ቁጥሩንም ይዞት ይሄዳል። የፈርምዌሩን ሲአርሲ የምታሰሉ ከሆነም ስሌቱ ከዚህ ገጽ በፊት ማብቃት አለበት፤ ያለበለዚያ እያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ ሲአርሲ ይኖረውና ቡትሎደሩ ጤነኛውን ፈርምዌር አልቀበልም ይላል።